ቁርጭምጭሚት አጠገብ ላለ የአጥንት እጢ በመርፌ ቀዳዳ የሚሠራ ኦፕራሲዮን፦ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

ማታ ማታ ቁርጭምጭሚታችሁን እየጠዘጠዘ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሕመም አይቡፕሮፌን ስትውጡ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የሚባለው እጢ ሊሆን ይችላል። ካንሰር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ2 ሴንቲሜትር አያልፍም። ራጅ ላይ ሊያመልጥ ስለሚችል ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በማደንዘዣ ተኝታችሁ፣ ሐኪሙ በሲቲ እየተመራ ቀጭን መርፌ እስከ እጢው ያስገባና ጫፉን ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለጥቂት ደቂቃ አግሎ እጢውን ያቃጥለዋል። በቃ። የሚቀረው የመርፌ ቀዳዳ ነው።

እዚህ ጋ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቁርጭምጭሚት ላይ ብዙ ሥጋ የለም፤ አጥንቱ እዚያው ከቆዳው ሥር ነው፣ ነርቩና ጅማቱም ተጠጋግተው ያልፋሉ። ስለዚህ «ቆዳዬና ነርቬ እንዳይቃጠል ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። እጢው ለነርቭ በጣም ከቀረበ፣ በካሜራ እያዩ መፋቅ ሊመረጥ ይችላል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ሩጫና ዝላይ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ትኩሳት፣ መግል ወይም የጣት መደንዘዝ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ።