የመኪና ኢንሹራንስ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ በቅርቡ የመኪና ኢንሹራንስ ያደሰ ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «መኪናዬ አንድ ዓመት አርጅታለች፣ ዓረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ) ለምን ጨመረ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ዕድሜዋ ቢገፋም የገበያ ዋጋዋ ግን ወጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የፊት መብራት በሉት ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት ይበልጥ ተወደዱ። ኩባንያው መኪናዎን የሚያስጠግነው በአምና ሳይሆን በዕለቱ የዕቃ ዋጋ ነው። ዓረቦኑም ይህንኑ ተከትሎ ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጭማሪውን ለማምለጥ ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው። ብዙ ሰው ዓረቦኑን ሊቀንስ ሲል ካሳውን ይቆርጣል። መቁረጡን የሚያውቀው ደግሞ መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው።

በጎረቤት ዓረቦን መለካት

«እገሌ እኮ ተመሳሳይ መኪና ይዞ ግማሹን ነው የከፈለው» ማለት የተለመደ ነው። ሁለቱ ኮሮላዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የኩባንያው ሠራተኛ የሚያየው ግን ሌላ ነው። የተመዘገበው የመኪናው ዋጋ ስንት ነው? የተሠራበት ዓመትስ? ሰሌዳው ኮድ 2 ነው ወይስ ኮድ 3? ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ ካሳ ተጠየቀበት? የሚነዳው ልምድ ያለው ሰው ነው ወይስ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ገና ዘንድሮ ነው? ተጨማሪ ሽፋን ተገዝቷል? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ሲለያይ ክፍያው ይለያያል።

ለከባድ መኪና ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ከተማ ውስጥ አሸዋና ብሎኬት የሚያመላልስ አይሱዙና ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ኮንቴይነር የሚጎትት ባለ ተሳቢ እኩል አይታዩም። የመንገዱ ርዝመት፣ የሌሊት ጉዞውና አደጋ ሲደርስ የሚከተለው ወጪ አይገናኙም።

ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ከማነጻጸር የራስዎን መኪና መረጃ ይዘው ሁለት ሦስት ኩባንያ ቢጠይቁ ይሻላል። ሲጠይቁም ለሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋና አንድ ዓይነት ሽፋን ይንገሩ። አለበለዚያ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የሚሠሩት ደግሞ አጭበርባሪዎች ብቻ አይደሉም። የአምናውን ዋጋ ሳይነኩ «እንዳለ አድሱልኝ» የሚሉ ጨዋ ሰዎችም ይሠሩታል።

በቁጥር እንየው። መኪናዎ ዛሬ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር ታወጣለች እንበል። እርስዎ በ1,000,000 ብር አስመዘገቧት። የኩባንያው ተመን፣ ለምሳሌ፣ ከመቶ 2.5 ቢሆን 50,000 መክፈል ሲገባዎ 25,000 ከፈሉ። 25,000 ብር ያተረፉ ይመስላል። በዓመቱ አጋማሽ በፈጣን መንገዱ ላይ ከፊትዎ ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ያዘና ገጩት። ጥገናው 300,000 ብር ተገመተ። አብዛኛው የመድን ውል ግን የተመጣጣኝ ክፍያ አንቀጽ አለው። መኪናዋን በግማሽ ዋጋዋ ካስገቧት የጉዳቱንም ግማሽ እርስዎ ይሸከማሉ ማለት ነው። ኩባንያው 150,000 ያሰላል። ከዚያ ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ እርስዎ የሚሸፍኑት የመጀመሪያ ድርሻ፣ ይቀነሳል። 25,000 ለማትረፍ ከ150,000 በላይ ከኪስ ወጣ። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ከወደመች ወይም ከተሰረቀች ደግሞ ቢበዛ የሚያገኙት 1,000,000 ነው። በዚያ ገንዘብ ያችኑ መኪና አይገዙም።

በተቃራኒው ዋጋዋን ከፍ አድርጎ ማስገባትም አያተርፍም። መድን የሚክሰው የደረሰውን ጉዳት ነው። ከገበያ ዋጋዋ በላይ የከፈሉበት ዓረቦን ትርፍ ካሳ ሆኖ አይመለስም።

ከማደስዎ በፊት የመኪና ደላሎችን ይጠይቁ፣ የተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖችን ዋጋ ይስሙ። በዓመቱ መሀል ዋጋው በጣም ከተነሳም የውል ማሻሻያ ማሠራት ይቻላል። ልዩነቱን ለቀረው ጊዜ ብቻ ነው የሚከፍሉት።

መኪናው የሚሠራውን ሥራ መደበቅ

የቤት መኪና ተብሎ መድን የተገባለት ቪትዝ ጠዋት ከአዳማ ወንጂ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ ማታ በስልክ ተጠርቶ ታክሲ ይሠራል። ኑሮ ነው፣ አልፈርድም። ኩባንያው ግን ዓረቦኑን ያሰላው ከቤት ሥራ ቦታ ለሚመላለስ መኪና ነው። አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊሱ የሚመዘግበው ተሳፋሪዎቹን ጭምር ነው። «ዘመዶቼ ናቸው» ማለት ብዙ አያስኬድም።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል መድን ገቢው የሚያውቀውን እውነት እንዲናገር ያስገድዳል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በውል ዘመኑ መሀል የአገልግሎቱ ዓይነት ከተቀየረም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለንግድ አገልግሎት ዓረቦኑ ይጨምራል፣ አዎ። ግን በዚያ ሥራ እየበሉ ካሉ ጭማሪው የሥራው ወጪ ነው፤ ከታሪፉ ላይ ይታሰብ።

በውክልና የገዙትን መኪና በሻጩ ስም መተው

እኛ አገር መኪና በውክልና ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ ለዓመታት መንዳት የተለመደ ነው። ሊብሬው የሻጩ፣ ኢንሹራንሱም የሻጩ፣ የሚነዳው ሌላ። ካሳ ሲመጣ ኩባንያው የሚያውቀው ውሉ ላይ ያለውን ስም ነው። ሻጩን ፈልገው፣ ለምነው፣ ቢሮ ይዘውት ሊሄዱ ነው። አገር ውስጥ ከሌለ ወይም ካረፈስ? ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት ያበቃል።

ሻጩም ቢሆን ነፃ አይደለም። በሕግ ባለንብረቱ እሱ ስለሆነ ያ መኪና ሰው ቢገጭ የሚጠራው እሱ ነው። ሁለታችሁም ለራሳችሁ ስትሉ ስም አዛውሩ። ጊዜ የሚወስድ ከሆነ እንኳ ገዢው በዚያው ሳምንት ኩባንያው ዘንድ ቀርቦ ሁኔታውን በጽሑፍ ያሳውቅ፣ የሚሰጡትንም መልስ በጽሑፍ ይቀበል።

ለትንሽ ጭረት ካሳ መጠየቅ

ያለ ካሳ ጥያቄ ዓመቱን ለጨረሰ ደንበኛ ኩባንያዎች ቅናሽ ይሰጣሉ። ብዙዎቻችን «ኖ ክሌም» የምንለው ነው። ያለ አደጋ የሚያልፉት ዓመታት ሲደራረቡ ቅናሹም ያድጋል። መጠኑ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

አሁን 9,000 ብር የሚጠገን ጭረት ደረሰ እንበል። ኤክሰስዎ 5,000 ነው። ኩባንያው የሚሰጥዎ 4,000 ነው። ዓረቦንዎ 60,000 ሆኖ ከመቶ 20 ቅናሽ የሚጠብቁ ከነበረ ግን በሚቀጥለው ዓመት 12,000 አጡ። እንዲህ ያለውን ከኪስ ማሠራት ይሻላል። ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት የተነካበት ከሆነ ግን ጉዳቱ ትንሽ ቢመስልም ለኩባንያው ያሳውቁ። ዛሬ «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው ከወር በኋላ ክስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ኩባንያ ሲቀይሩም ያለ ካሳ ጥያቄ መቆየትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ኩባንያ ያጽፉ። አዲሱ ያንን ካላየ እንደ አዲስ ደንበኛ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

ሰርድ ፓርቲ ካለኝ ይበቃኛል ማለት

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ ያደረሱትን ጉዳት እንጂ የራስዎን መኪና አይደለም። ለሌላውም ቢሆን ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ አለ። ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ከወሰነ ቀሪው የባለንብረቱ ዕዳ ነው። ጭራሽ ሳያድሱ የሚነዱ ደግሞ አሉ። መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ይካሳል፤ ፈንዱ ግን ዞሮ ባለንብረቱን ያስከፍላል።

ውሉን ሳያነቡ ዋጋውን ብቻ ማየት

ረከሰ የተባለው ውል አንዳንዴ የረከሰው ኤክሰሱ ከፍ ስላለ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሽፋኑ ስለጎደለ ነው። የራስን መኪና ጭምር የሚሸፍነው ውል «ሙሉ ኢንሹራንስ» መባሉ ራሱ ያሳስታል። መኪናው ቆሞ ስፖኪዮው ብቻ ወይም ጎማው ብቻ ቢሰረቅ ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፣ ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ በቀር። በሽፍታ ወይም በፖለቲካ ሁከት የሚደርስ ጉዳትም እንዲሁ ለብቻው የሚገዛ ነው። ከአዳማ በመተሐራ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ባትሪው በምን ሁኔታ እንደሚሸፈን ጠይቁ። የመኪናዋ ትልቁ ዋጋ እሱ ነው፣ ያለውም ከሆዷ ሥር ነው።

ቁልፉን ለማንም መስጠት

የወንድም ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና አይፈቅድም ወይም ጊዜው አልፏል። ያን ጊዜ አደጋ ከደረሰ ኩባንያው ለመኪናዎ አይከፍልም። ለአዲስ አሽከርካሪ ደግሞ ተጨማሪ ኤክሰስ ሊኖር ይችላል።

አደጋው ቦታ ላይ ተስማምቶ መለያየት

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ በጎን ፋቀዎት። ሰው ይሰበሰባል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ «ተስማሙና ሂዱ» ይባላል። ሽምግልናው በጎ ነው። ግን እዚያው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ከፈረሙ ወይም ኩባንያው ሳያውቅ ገንዘብ ከሰጡ፣ ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሰጡት ማለት ነው። ፎቶ ያንሱ፣ የሌላውን ሰሌዳና የኢንሹራንስ ስቲከር ይመዝግቡ፣ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ያስወጡ። ለኩባንያው በዚያው ቀን ይደውሉ። ብዙ ውል የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ አለው።

ከዚያ ጋራዡ እንዳይቸኩልብዎት። የኩባንያው ገማች ሳያይ ምንም ዕቃ አይፈታ። ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈውን ከጉዳቱ ጋር ራስዎ ያመሳክሩ፤ ያልተጻፈ ዕቃ በኋላ ማስጨመር ከባድ ነው። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም ጋራዡ ጋ ጥለው አይሂዱ። ኩባንያው አምጡ ሊል ይችላል፣ ካላገኛቸውም ዋጋቸውን ከካሳዎ ላይ ሊቀንስ ይችላል።