ዘፈኑ ምን ሠራ? ተቃውሞንና ማኅበራዊ ለውጥን በግጥምና በሙዚቃ ማስተማር

ስለ ተቃውሞና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ በግጥምና በሙዚቃ ለማስተማር የሚነሣ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው በምርጫ ብዛት ነው። ከየአህጉሩ የታወቁ ዘፈኖችን ሰብስቦ በአንድ ክፍለ ጊዜ አከታትሎ ማሰማት ቀላል ቢሆንም፣ ተማሪው ይዞት የሚወጣው «ሙዚቃ ዓለምን ይለውጣል» የሚል መፈክር ብቻ ይሆናል፤ ይህ መፈክር ደግሞ ብቻውን ሲወሰድ እውነት አይደለም። ዘፈን ሕግ አይሽርም፣ ደመወዝም አይጨምርም። የተበታተኑትን ያሰባስባል፣ የፈሩትን ያደፋፍራል፣ ተለይቶ ለመናገር የሚያስፈራውን ነገር በጋራ ያስብላል፤ ለውጡን ከዳር የሚያደርሱት ግን የተደራጁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ትምህርቱ «ዘፈኑ ምን ይላል?» ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ «ማን፣ መቼ፣ ለምን ዘፈነው? ከዚያስ ምን ተከተለ?» ወደሚለው መድረስ ይኖርበታል።

ለዚህ የሚበጀው አንድ ዘፈን መርጦ ታሪኩን ከሥሩ መከተል ነው። በእኔ አስተያየት ለመነሻነት ከ«ዊ ሻል ኦቨርካም» (እናሸንፋለን) የተሻለ አይገኝም፤ ምክንያቱም ዘፈኑ ከአንዱ ትግል ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቃሉ ምን ያህል እንደተለወጠ በግልጽ ይታያል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሥሮቹ አንዱ ቻርልስ ቲንድሊ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጻፉት መዝሙር ሲሆን፣ የሚናገረውም አንድ አማኝ ስለ ራሱ ነው፦ «አንድ ቀን አሸንፋለሁ» ይላል። በ1945 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ የትንባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች፣ ሥራ ሲያቆሙ በፋብሪካው በር ላይ የዘመሩት ግን «እናሸንፋለን» እያሉ ነበር። ከአድማው በኋላ ዘፈኑ ቴነሲ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ይሠለጥኑበት በነበረው የሃይላንደር ትምህርት ቤት ገባ። በ1959 ፖሊሶች ይህንኑ ትምህርት ቤት በሌሊት በፈተሹ ጊዜ በጨለማ እንዲቀመጡ የተደረጉት ወጣቶች «አንፈራም» የሚል አዲስ ስንኝ ጨመሩበት። በ1960 ለጥቁር አሜሪካውያን እኩልነት የታገለው የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በራሊ ከተማ በተመሠረተበት ስብሰባ ላይ ተዘምሮ በደቡብ ግዛቶች ሁሉ ተሰራጨ። መጋቢት 15 ቀን 1965 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በምክር ቤቱ ፊት ቆመው ያንኑ ሐረግ በንግግራቸው ውስጥ ተናገሩት፤ ጥቁሮችን ከመምረጥ ማገድን የከለከለው የምርጫ መብት ሕግም በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን ተፈረመ።

ይህን ታሪክ መምህሩ ቆሞ ከሚተርከው ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢገጣጥሙት ይሻላል። መዝሙሩን፣ አድማውን፣ ፍተሻውን፣ ስብሰባውንና የፕሬዚዳንቱን ንግግር በአጭር በአጭሩ በተለያዩ ወረቀቶች ላይ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጠቅሱ ጽፎ ለየቡድኑ ማደልና ቅደም ተከተሉን ከነምክንያቱ እንዲያስረዱ መጠየቅ ነው። «እኔ» ወደ «እኛ» የተለወጠው የት ላይ እንደሆነ፣ «አንፈራም» የሚለው ስንኝ ከጨለማው ሌሊት በፊት ሊጻፍ ይችል እንደነበረ፣ አንድ ፕሬዚዳንት የተቃዋሚዎችን ቃል ሲወስድ ትግሉ ድል አደረገ ወይስ ቃሉ ተነጠቀ እንደሚባል እየተጨቃጨቁ ሲሠሩ ውይይቱ ያለ መምህሩ ቀስቃሽነት ይሞቃል። የመጨረሻው ጥያቄ አንድ መልስ ስለሌለው መምህሩ ሊዘጋው አይገባም።

ማዳመጥ ራሱ ሥልት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ግጥሙ በእጃቸው ሳይኖር ያድምጡ፤ የሚጽፉትም ስለ ድምፁ ብቻ ይሁን፦ አውጪና ተቀባይ አለ ወይ? አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመለሳል? ዜማው ለእግር ጉዞ ይመቻል ወይስ ቆሞ ለማድመጥ? በሁለተኛው ዙር ግጥሙን እያዩ ያድምጡና ቃሉና ዜማው የሚስማሙበትንና የሚቃረኑበትን ቦታ ያስምሩ። ግጥሙ ትርጉም ከሆነ ቤት መምቻውን ለማሳመር የተደከመበትን ሳይሆን ቃል በቃል የቀረበውን ትርጉም መስጠት ይመረጣል፤ የዜማውን ውበት ከመጀመሪያው ቋንቋ ይሰሙታልና። ከዚያም አንድ ቀላል ሙከራ ይከተላል፦ አንዱ ቡድን አዝማች ያለውን አጭር ዘፈን፣ ሌላው ቡድን አዝማች የሌለውን ረጅም ግጥም ያለ ወረቀት በአምስት ደቂቃ ለክፍሉ እንዲያስተምር ይደረግ። ሰልፈኛ ተደጋጋሚ አዝማች የሚመርጥበት ምክንያት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ በዚህ ይገባቸዋል።

በግጥምና በዘፈን መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት «ስትሬንጅ ፍሩት» (እንግዳ ፍሬ) ተስማሚ ነው፤ ይሁን እንጂ በዘር ጥላቻ የተሰቀሉ ሰዎችን አስከሬን የሚገልጽ በመሆኑ ለከፍተኛ ክፍሎች ብቻ፣ ያውም አስቀድሞ ይዘቱን ተናግሮ የሚቀርብ ነው። ግጥሙን የጻፈው የኒውዮርክ መምህር አቤል ሚሮፖል ሲሆን በ1937 በመምህራን ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ። በ1939 ቢሊ ሆሊዴይ በአንድ የኒውዮርክ የምሽት ክበብ መዝፈን ስትጀምር አስተናጋጆች ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ፊቷ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን በቀር መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ዘፈኑ ሲያልቅም ወደ መድረኩ አትመለስም ነበር። የዘወትር አሳታሚዋ ኮሎምቢያ ሊቀርጸው ስላልፈቀደ ኮሞዶር የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ቀረጸው። ተማሪዎች ግጥሙን በመጀመሪያ በዝምታ ቢያነቡ፣ ቀጥለው ቢያዳምጡ፣ ገጣሚው ገዳዮቹን በስም ያልጠራው ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ ብዙ ያወጣሉ። ሰሙ የደቡብ ዛፍና ፍሬ፣ ወርቁ አስከሬን መሆኑን ካወቁ በኋላ ግን አንድ የሚያስደነግጥ ቁጥር ሊነገራቸው ይገባል፦ ይህን መሰሉን ግድያ በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ያደረገው ሕግ የተፈረመው በ2022 ነው። ከዘፈኑ እስከ ሕጉ ያለውን ርቀት በጊዜ መስመር ላይ ሲያሰምሩት ማኅበራዊ ለውጥ የሚወስደው ጊዜ በዓይን ይታያቸዋል፤ በመካከሉ ሌላ ምን እንደተሠራ መርምረው መስመሩን መሙላትም ጥሩ የቤት ሥራ ይወጣዋል።

አንዳንድ ግጥም ደግሞ የተቃውሞ ቃል አንድም ሳይኖረው ተቃውሞ ይሆናል። የኢስቶኒያዋ ገጣሚ ሊዲያ ኮይዱላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአገሯ የጻፈችው የፍቅር ግጥም በጉስታቭ ኤርኔሳክስ ዜማ በሶቪየት ዘመን ለዓመታት ከአገሪቱ ታላቅ የመዝሙር በዓል መርሐ ግብር ውጭ ሆኖ ሲቆይ፣ በ1960 ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ አነሣው። በ1988 በታሊን የመዝሙር ሜዳ የተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ለነጻነቱ የዘመረበትን፣ በ1991 በነጻነት የተቋጨውን ሂደት ዓለም «የመዝሙር አብዮት» ብሎታል። እዚህ ላይ ተማሪው መረዳት ያለበት የተቃውሞው ምንጭ የግጥሙ ቃል ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ክልከላውና ቦታውም ግጥሙን ይጽፉታል።

የዚህ ትምህርት ትልቁ ጉድለት ግን ዘፈን ሁልጊዜ ከተበዳይ ጋር የቆመ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ዜማ ያሰባስባል ብለን ካስተማርን ለጥፋትም እንደሚያሰባስብ ማስተማር ግዴታችን ነው። በሩዋንዳ የታወቀው ዘፋኝ ሲሞን ቢኪንዲ በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2008 የ15 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ ጥፋተኛ የተባለው ግን በዘፈኖቹ ሳይሆን በ1994 በመኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ሰዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ዘፈኑን ከቅስቀሳው የለየበትን ድንበር አንሥቶ፣ ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ድንበሩ ትክክለኛ ቦታ ላይ ተሠምሯል ወይስ አልተሠመረም በሚል እንዲከራከሩ ማድረግ ይቻላል። ከዚህ ውይይት በኋላ ማንኛውንም የተቃውሞ ዘፈን «በደሉን ያወግዛል ወይስ ሰውን በማንነቱ ያዋርዳል?» ብለው እንዲመዝኑት መልመድ አለባቸው።

ከሁሉ በኋላ ይጻፉ። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «ስለ ፍትሕ ግጥም ጻፉ» ማለት የታወቁ ቃላትን ከማስደርደር አያልፍም። የሚሻለው በሚያውቁት አዝማች ላይ አንድ ስንኝ ብቻ እንዲጨምሩ ማድረግ ነው፤ የሃይላንደር ወጣቶች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ጉዳዩ በቅርብ የሚያውቁት፣ የሚመለከተውን አካል ለይተው ሊጠቁሙት የሚችሉት፣ መሻሻሉም የሚታይ ይሁን፤ ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ወይም ዊልቸር የማያስገባ በር። ከስንኙ በታች በሦስት ዓረፍተ ነገር ዘፈኑ ከማን ጋር እንደሚዘመር፣ ማን እንዲሰማው እንደሚፈለግና ከዘፈኑ በኋላ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ይጻፉ። ማመልከቻ፣ ስብሰባ፣ ድርድር የሚሉት ቃላት የሚመጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ውጤት ሲሰጥ የተማሪው አቋም አይመዘንም። የሚመዘነው ማስረጃው፣ ለድምፅና ለቃል ያሳየው ትኩረት፣ ዘፈኑን ከጊዜው ጋር ያገናኘበት መንገድ ነው፤ ይህም መመዘኛ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይታደል። መምህሩ የራሱን አቋም ከተጠየቀ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ጽፈው ካስረከቡ በኋላ ቢናገር ይመረጣል። ተማሪው የጻፈው ስንኝ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር የሚነካ ሆኖ ከተገኘም መምህሩ አይሰርዘው፤ ማስረጃውን እንዲያጠናክር ያግዘው፣ በክፍሉ ፊት ማንበብ አለማንበቡን ግን ለባለቤቱ ይተውለት።