የባጃጅ ዕቃ ስትገዛ፦ የቱ ላይ ቆጥብ፣ የቱ ላይ አትቆጥብ

መለዋወጫ ቤት ገብተህ አንድ ካንዴላ (ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስትጠይቅ ሦስት ዓይነት ይቀርብልሃል። አንዱ ኦርጅናል ነው። ሌላው «ከኦርጅናሉ አይተናነስም» የሚባለው ነው። ሦስተኛው ስሙም በቅጡ አይነበብም። ባሕር ዳርም ሂድ ደብረ ማርቆስ ያው ነው።

ዋጋ ብቻ አታወዳድር። ዕቃው ቶሎ ከተበላሸ ለመካኒክ ደግመህ ትከፍላለህ፣ ባጃጁ ጋራዥ በቆመበት ቀን ደግሞ ገቢ የለም፣ ይሄ ሁሉ አብሮ ይደመር። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዕቃውን ለመቀየር ምን ያህል ነገር ይፈታል? መስታወት፣ የመብራት ሽፋን፣ የወንበር ልብስ ከሆነ ርካሹን ግዛ፤ ቢሰበርም ራስህ ትቀይረዋለህ። ሞተር ተከፍቶ የሚገባ ነገር ላይ ግን ስስት አያዋጣም።

ካንዴላ ለመቀየር ቀላል ነው፣ ግን እንደሱ ፎርጅድ የሚበዛበት ዕቃ ጥቂት ነው። ኤንጂኬ (NGK) የሚል የፋብሪካ ስም ስላየህ ብቻ አትመን። ከካርቶኑ አውጣና ጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ላይ ያለችውን ቀለበት አሽከርክር፤ ያለ ትግል ወልቃ እጅህ ላይ ከቀረች ተጠራጠር። ከጫፉ የታጠፈችው ብረት ከመሃለኛው ብረት አናት ጋር ቀጥ ብላ ካልተሰለፈች፣ ወይም አቆራረጧ ሻካራ ከሆነ መልሰው። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ቁጥሩን ደግሞ አንብብ። ቁጥሩ ካንዴላው ሙቀትን እንዴት እንደሚያስወጣ ነው የሚናገረው፣ ፋብሪካዎቹ ግን አቆጣጠራቸው አንድ አይደለም። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ቦሽ ላይ ሲጨምር ሞቃት ነው፣ ሙቀቱን ይይዛል። ስለዚህ ብራንድ ቀይረህ «ያው ቁጥር ስጠኝ» ማለት አይሠራም፤ ከባጃጁ መጽሐፍ ጋር የሚሄደውን አቻ ፈልግ። ከአንድ በላይ ካንዴላ ያለው ሞዴል ከሆነ ሁሉንም ባንዴ፣ አንድ ዓይነት አድርገህ ቀይር።

ሁለት ብራንድ ስታወዳድር ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ባሕር ዳር የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ማርቆስ ላይ ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ያኔ ጥፋቱ የካንዴላው ላይሆን ይችላል። ካርቡራተሩን አስተካክለህ ፍረድ።

ፍሪሲዮንም (ማርሽ ስትቀይር ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ላይ እንዲሁ ነው። ባለ 4 ስትሮክ ባጃጅ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ግጭት የሚቀንስ ነገር ስላለበት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፣ ከዚያ «ይሄ የፍሪሲዮን ሸራ አይረባም» ተብሎ ሌላ ይገዛል፣ ሌላውም ያንሸራትታል። መጀመሪያ የዘይቱን ዕቃ ጀርባ እይ። ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ካለበት ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን የተሠራ ነው። የሸራ ብራንድ ማወዳደር ከዚያ በኋላ ነው።

የፍሬን ሸራ ላይ ክርክር የለኝም፣ የምታምነውን ግዛ። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ በጥፍርህ ሞክር፤ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለ ተወው። በጣም ደረቅ የሆነ ርካሽ ሸራ ቶሎ አያልቅም ብለው ይሸጡልሃል፣ እውነት ነው አያልቅም፣ ሸራው የሚጫነውን ታምቡር ግን ይበላልሃል። የኋላውን ቀኝና ግራ አንድ ብራንድ ባንድ ጊዜ ቀይር፣ አለዚያ ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፤ እንጅባራ ዝናብ ላይ ይሄ አያምርም።

ስትሄድ አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ። ያንተ ቲቪኤስ የሚባለው ፋብሪካ ሥራ ከሆነ ቀድመህ ንገር፣ ዕቃው ከባጃጅ ፋብሪካው ይለያል። ካልገጠመ እንደሚመልስልህ ከመክፈልህ በፊት ተስማማ፣ ደረሰኝህንም ተቀበል።