ንብ ማነብ እንዴት ይጀመራል? ንብስ ከሚመስሏት ነፍሳት በምን ትለያለች?

ንብ ለማነብ የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀፎ ዋጋ ነው። እኔ ግን ከቀፎው በፊት ዓይንን ማለማመድ ይቀድማል እላለሁ፤ ምክንያቱም ንብን ለይቶ የማያውቅ ሰው መንጋ ፍለጋ ሲወጣ የተርብ ቤት ይነካል፣ የጣዝማን ጎጆ በከንቱ ያፈርሳል፣ በራሱ ቀፎ ደጃፍ ቆሞም ውስጥ ያለውን ሁኔታ መረዳት ይሳነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በመስከረምና በጥቅምት፣ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሱት፣ ረፋድ ላይ ከአበባው አጠገብ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ሠራተኛዋ ንብ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለች፣ ደረቷ በአጭር ጠጉር የተሸፈነ፣ ቀንዷ እንደ ክርን የታጠፈ ናት። ክንፎቿ አራት ቢሆኑም የፊተኛውና የኋለኛው ስለሚቆላለፉ ሁለት ይመስላሉ። ዋናው ምልክት ግን የኋላ እግሯ ነው፤ ከአበባ የሰበሰበችውን ጽጌ ብናኝ አድቦልቡላ በጠፍጣፋው እግሯ ላይ ስለምትጭን በሁለቱም በኩል ቢጫ ጠብታ የተንጠለጠለባት ትመስላለች።

እዚያው አበባ ላይ ንብ የምትመስል ዝንብም ታርፋለች፤ ቀለሟም መጠኗም ሰውን ያሳስታሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩአት ግን ክንፎቿ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ቀንዶቿ እጅግ አጭር ናቸው፣ ዓይኖቿ የራሷን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ፣ ዐረፍ ስትልም እንደ ማንኛውም ዝንብ የፊት እግሮቿን እርስ በርስ ታሻሻለች። ይህች ዝንብ አትናደፍም። ተርብ በበኩሏ ሰውነቷ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፣ ስትበር እግሮቿ የሚንጠለጠሉ ናት፤ ቤቷንም የምትሠራው እንጨት ፍቃ፣ እንደ ወረቀት በሳሳ ነገር እንጂ በሰም አይደለም። ሥጋና ጣፋጭ ነገር ላይ የምታንዣብበውም እርሷ ናት። ሠራተኛ ንብ ሰውን ስትነድፍ መርፌዋ ቆዳው ውስጥ ስለሚቀር ትሞታለች፤ ተርብ ግን ደጋግማ ትናደፋለች።

ጣዝማ ከንብ ታንሳለች፣ መናደፊያ የላትም፣ በአገራችን የምትታወቀው ጣዝማም የምትኖረው መሬት ውስጥ ነው፤ ማሯ ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ ጎጆዋ እየተቆፈረ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ደረቅ እንጨት የምትቦረቡረው ትልቋ ጥቁር ንብ ደግሞ እንደ ማር ንብ በመንጋ ስለማትኖር ወደ ቀፎ ልትገባ አትችልም። ድንጉላውን ንብም አይርሱ፤ ወፍራም፣ ትልልቅ ዓይን ያለውና ጅራቱ ደምበል ያለ በመሆኑ ብዙዎች ይፈሩታል፣ ነገር ግን ወንድ ስለሆነ መናደፊያ የለውም።

ቀጥሎ ቦታ ይምረጡ። የአገራችን ንብ ቤቷን በብርቱ ስለምትከላከል ቀፎው ከመኖሪያ ቤት፣ ከመንገድና ከከብት ማሰሪያ ራቅ ማለት አለበት። ነፋስ የማይበዛበት፣ ውኃ ቅርብ የሆነበት፣ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ስፍራ ይመረጣል። ጉንዳን እንዳይወጣ መቆሚያውን ከፍ አድርገው እግሮቹ ዙሪያ አመድ ይነስንሱ፤ ሣሩንም ይጨዱ። ጎረቤት ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ እንዲነግርዎት ይስማሙ፣ አበባ ላይ እንዳይረጭም ይለምኑት፤ ብዙ መንጋ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነውና።

ለጀማሪ የምመክረው የሽግግር ቀፎን፣ ማለትም በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለውን ቀፎ ነው። ባህላዊው ቀፎ ርካሽ ቢሆንም ውስጡን ለማየት እንጀራውን (ንቦቹ ከሰም የሚሠሩትን የማር ቤት) ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ዘመናዊው ቀፎ ደግሞ ማር ማውጫ መሣሪያና የተዘጋጀ የሰም ገጽ ይፈልጋል። በሽግግር ቀፎ ላይ የሚደረደሩት ጣውላዎች ስፋታቸው 3.2 ሴንቲሜትር ሆኖ ከሥራቸው መሐል ለመሐል ሰም ከተቀቡ፣ ንቦቹ በእያንዳንዱ ጣውላ ላይ አንድ እንጀራ ይሠራሉ፤ እርስዎም አንድ በአንድ እያነሱ ማየት ይችላሉ። አንዱ መንጋ ቢዳከም ከሌላው ጋር ለማነጻጸር እንዲመች በሁለት ቀፎ ይጀምሩ።

መንጋ የሚገኘው በግዢ ወይም በማጥመድ ነው። ለማጥመድ የቀፎውን ውስጥ በንጹሕ ሰም ያሹት፣ ጠጅ ሣርም ይጨምሩበት፤ የጠጅ ሣር ጠረን ንቦች እርስ በርስ ለመጠራራት የሚያወጡትን ሽታ ስለሚመስል ይስባቸዋል። ንቦቹ የሚባዙበት ወቅት ሳያልፍ ቀፎውን ዛፍ ላይ ይስቀሉት። መንጋው ከገባ በኋላ ሲመሽ ወደ ቋሚው ቦታ ያዛውሩት።

ቀፎ ሲከፍቱ ነጣ ያለ መከላከያ ልብስ፣ የፊት መሸፈኛና ጓንት ይልበሱ፤ ሽቶ አይቀቡ። ማጨሻውን በደረቅ ኩበት ሞልተው ከደጃፉ ቀስ ብለው ያጭሱ፣ ጥቂትም ይጠብቁ። ከተነደፉ መርፌውን በጥፍርዎ ፍቀው ቶሎ ያውጡት። ፊቱ ያበጠ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ካለ ግን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

አበባ በሚጠፋበት ጊዜ፣ በተለይም በክረምት፣ መንጋው ይራባል፤ ስኳር ከውኃ ጋር እኩል በጥብጠው፣ በሶ ወይም ሽሮም ጨምረው ይመግቡት። ምግብ ያጣ መንጋ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።

ማር የሚቆረጠው አብዛኛው የእንጀራው ጉድጓድ በሰም ከተከደነ በኋላ ነው፤ ያልተከደነ ማር ውኃ ስለሚበዛበት ይቦካል። ዕጭ ያለበትን እንጀራ አይንኩ፣ ከማሩም ለንቦቹ ይተዉላቸው። በማግስቱ ረፋድ ወደ ደጃፉ ተመልሰው በጎን በኩል ይቀመጡ። ሠራተኞቹ በእግራቸው ቢጫ ጽጌ ጭነው የሚገቡ ከሆነ ውስጥ የሚመገብ ዕጭ አለ ማለት ነው፤ ጽጌ ሳይጭኑ በደጃፉ ላይ የሚቅበዘበዙ ከሆነ ግን፣ ሲመሽ ቀፎውን ከፍተው ንግሥቲቱ መኖሯንና አዲስ እንቁላል መኖሩን ይመልከቱ።