ካማሮ ኤስኤስ ላይ ሱፐርቻርጀር መግጠምና ማስተካከል፦ ከክራንኩ ፒን እስከ መጨረሻዋ ዲግሪ

ከ2010 እስከ 2015 ድረስ የወጣው ባለ እጅ ማርሽ ካማሮ ኤስኤስ የተገጠመለት ሞተር ኤልኤስ3 ነው፤ 6.2 ሊትር፣ ቪ8፣ ከፋብሪካው 426 የፈረስ ጉልበት። አውቶማቲኩ ኤል99 የሚባል ሌላ ሞተር ስለሆነ እዚህ አይመለከተንም። የምንገጥመው ደግሞ 2.3 ሊትር የኢተን ቲቪኤስ ሮተር ያለው ሱፐርቻርጀር ነው፤ ብሎወርም ይባላል፣ በቺንጋ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። የድሮው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ይወጣና ሱፐርቻርጀሩ በሁለቱ ቴስታታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) መካከል ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣውም እዚያው ከሥሩ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ2012 ዜድኤል1 ካማሮን በሱፐርቻርጀር ሲያወጣ (580 የፈረስ ጉልበት) የሞተሩን ኮምፕሬሽን (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 9.1 ላይ አውርዶታል። ኤልኤስ3 ግን 10.7 ነው። ሲፈጠር አየር እየሳበ እንዲሠራ እንጂ እየተገፋለት እንዲሠራ አልታሰበም። የፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ጫፎች ክፍተትም ጠባብ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ጫፎቹ ይላተሙና የፒስተኑን የፋሻ ማረፊያ ይሰብራሉ። ስለዚህ ውስጡ ያልተነካ ኤልኤስ3 ላይ ከ6 እስከ 7 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) የአየር ግፊት ላይ መቆም ብልህነት ነው። ቁልፍ መያዝ የለመደ ሰው ኪቱን በሁለት ቀን ይገጥመዋል፤ ሞተሩ የሚሞተው ወይም የሚኖረው ግን ከዚያ በኋላ ባለው ማስተካከል ነው።

ከመፍታት በፊት

ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የአየር በሩ ሙሉ ተከፍቶ የስምንቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ብሎወሩን በካርቶኑ ተዉትና ችግሩን ፈልጉ። ደካማ ሲሊንደር በግፊት አይድንም።

ኪቱ ውስጥ አብዛኛው ነገር አለ። በራሳችሁ የምትገዙት፦ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ የሚቀዘቅዝ ካንዴላ 8 (ኤንጂኬ ቲአር6 ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው)፣ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ለመሰርሰር የሚያገለግል ጂግ ከነፒኑ፣ አዲስ የክራንክ ብሎን፣ የአየርና የነዳጁን ሚዛን ከጭሱ የሚለካ የሰፊ ባንድ ኦክስጅን ሴንሰር ከጌጁ ጋር፣ አዲስ የዘይት ግፊት ሴንሰር። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ከሆነ ኪቱ የግዛቱ አየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ያለዚያ የጭስ ምርመራውን አያልፍም።

ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር በግምት አይገዛም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የምትፈልጉትን ጉልበት በ0.60 አባዙ (በግፊት የሚሠራ ሞተር በሰዓት ለአንድ የፈረስ ጉልበት የሚበላው ፓውንድ ነዳጅ ነው)፤ ከዚያ ለ8 ኢንጀክተርና ለ80 በመቶ የሥራ ጊዜ አካፍሉ። ለ570 ጉልበት 342 ለ6.4 ሲካፈል 53 ፓውንድ በሰዓት ይመጣል፤ 560 ሲሲ በደቂቃ ገደማ ማለት ነው። የፋብሪካው 42 ፓውንድ ነው፤ በዚሁ ስሌት 448 ላይ ያበቃል። በዚያ ላይ የዚህ መኪና የነዳጅ ግፊት 58 ፒኤስአይ ላይ ቋሚ ነው፤ ማኒፎልዱ ውስጥ 7 ፒኤስአይ ሲገባ በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፍ መካከል የሚቀረው 51 ብቻ ስለሚሆን ፍሰቱ 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ኪቱ የፓምፕ ማገዣ ይዞ ከመጣ «ለምን አስፈለገ» ብላችሁ አታስቀሩት።

መፍታት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ነጋቲቭ ይነሳ፣ የነዳጁ ግፊት በሬሉ (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ በሚያደርሰው ቧንቧ) ላይ ባለችው ቫልቭ በጨርቅ ተሸፍኖ ይለቀቅ። ማኒፎልዱ ሲነሳ ስምንቱ ጉድጓዶች ወዲያው በንጹህ ጨርቅ ይደፈኑ፤ ጨርቆቹን ቁጠሩ፣ ስታወጡም ቁጠሩ። የቴስታታውን ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ አጽዱ፤ ብረት አሉሚኒየሙን ይጭራል። ከሞተሩ ጀርባ ከማኒፎልዱ ሥር ያለውን የዘይት ግፊት ሴንሰር አሁኑኑ ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ብሎወሩ ከተቀመጠ በኋላ ቢበላሽ ግን ለሱ ብቻ ሁሉንም እንደገና ማንሳት ሊመጣ ነው።

ክራንኩን በፒን ማሰር

ብዙ ሰው ሊያልፈው የሚፈልገው ሥራ ይሄ ነው። ኤልኤስ3 ላይ በፊተኛው ፑሌጃና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ሽብልቅ የለም። ፑሌጃውን የሚይዘው የብሎኑ ጭምቀትና የብረት ለብረት ሰበቃ ብቻ ነው። ኤሲና ውሃ ፓምፕ ለማዞር ይበቃል። ብሎወሩ ግን በሙሉ ጭነት ከቺንጋው ላይ ከፍተኛ ጉልበት ይስባል፤ ማርሽ ሲቀየር ደግሞ በቅጽበት ይቆምና ይነሳል። ፑሌጃው ክራንኩ ላይ አንዴ ከተንሸራተተ ጉሮሮውን ይበላዋል፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የፊቱ ዘይት ማተሚያ ያፈሳል፣ ብሎኑም ይላላል።

የራዲያተሩን ማራገቢያ አውጡ፤ ሞተሪኖውን አውርዳችሁ በቦታው የፍላይዊል መቆለፊያ አስገቡ። የክራንኩን ብሎን በ24 ቁልፍ ፍቱ፤ ፑሌጃው ራሱ መውጣት የለበትም። ጂጉ በብሎኑ ቦታ ታስሮ ይጠብቃል። የጂጉ ቀዳዳ መሰርሰሪያውን የሚመራው ግማሹ ጉድጓድ በፑሌጃው እምብርት፣ ግማሹ በክራንኩ አፍ ላይ እንዲያርፍ ነው። በመሰርሰሪያው ላይ የጥልቀቱን ልክ በቴፕ ምልክት አድርጉ። ትራፓኖው በዝቅተኛ ፍጥነት ይዙር፣ የመቁረጫ ዘይት አይለየው፣ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወጣ እያለ ፍርፋሪውን ያራግፍ። ቸኩሎ የሚገፋ ሰው መሰርሰሪያውን ክራንኩ ውስጥ ይሰብረዋል፤ ያኔ ነው እውነተኛው ራስ ምታት የሚጀምረው። ቀዳዳው በሪመር ልኩ ይወጣለታል፤ ከዚያ ጂጉን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ሁለተኛውን ድገሙ።

ፍርፋሪውን በማግኔትና በብሬክ ማጽጃ አውጡ፤ በተለይ የብሎኑ ጥርስ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ የቶርክ መፍቻውን ያታልላል። ፒኖቹ በቀይ የብሎን ማጣበቂያ ተቀብተው ከፊቱ ጥቂት ዝቅ እስኪሉ ይገባሉ። የኤአርፒ ኩባንያ ብሎን ከሆነ ጥርሱም ሮንዴላው ሥርም በራሱ ቅባት ተቀብቶ በ235 ፓውንድ ጫማ (319 ኒውተን ሜትር) ይጠበቃል። የፋብሪካ ዓይነት ከሆነ አዲስ ይሁን፦ መጀመሪያ 37 ፓውንድ ጫማ (50 ኒውተን ሜትር)፣ ከዚያ 140 ዲግሪ። ይህ ብሎን ሲጠበቅ ስለሚለጠጥ ሁለተኛ አያገለግልም።

መጫን

ካንዴላዎቹን አስቀድማችሁ አስገቡ። የፋብሪካው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ግፊት ባለበት እሳቱን ስለሚያጠፋው ወደ 0.75 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፣ በ15 ኒውተን ሜትር እሰሩት። ኢንጀክተሮቹ የጎማ ቀለበታቸው በንጹህ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ ደረቅ ቀለበት ሲገባ ይቆረጥና በኋላ ቤንዚን ያፈሳል።

ብሎወሩ ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ወይም ክሬን ያስፈልገዋል። ጓርኒሲዮኖቹ ሳይንሸራተቱ በቀጥታ ይውረድ። ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ከያዙ በኋላ ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ዙር ይጠበቃሉ፦ በ5 ከዚያ በ10 ኒውተን ሜትር፣ የኪቱ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካልሰጠ። ሞተሩ ተነስቶ ፉጨት ከሰማችሁ ወይም ኮምፒዩተሩ በአይድል (ፔዳሉ ሳይረገጥ) ነዳጅ እየጨመረ ከሆነ ጓርኒሲዮን ተጣሟል ማለት ነው።

ቱቦዎቹ ላይ አትቸኩሉ። ድሮ ማኒፎልዱ ውስጥ ሁልጊዜ መሳብ ብቻ ነበር፤ አሁን መግፋትም አለ። የብሬክ ሰርቮው፣ የቤንዚን ትነት መሳቢያውና የክራንክ ቤቱ መተንፈሻ ሦስቱም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይፈልጋሉ። መተንፈሻው ላይ ከተረሳ ግፊቱ ክራንክ ቤት ገብቶ ዘይቱን በማተሚያዎቹ ያስወጣዋል።

የብሎወሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ከሞተሩ ውሃ ጋር አይገናኝም፤ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ራዲያተርና የራሱ መጠራቀሚያ አለው። ግማሽ አንቲፍሪዝ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙሉበት። ፓምፑ ከመጠራቀሚያው በታች ይሁን፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃው ሲሽከረከር በዓይናችሁ ካላያችሁ አየር ይዟል። በደንብ የሚሠራ ሥርዓት ውስጥ በረጋ ጉዞ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከውጭው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢሞቅ ነው፤ ሙቀቱ ቆሞም ሲነዳም ሳያቋርጥ የሚጨምር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው።

የቺንጋውን መስመር በቀጥታ ማስመሪያ ፈትሹ። ፍጥነቱንም አስሉ፦ የክራንኩ ፑሌጃ 190 ሚሊ ሜትር፣ የብሎወሩ 90 ቢሆን 2.11 ነው፤ ሞተሩ 6,600 ሲዞር ብሎወሩ 13,900 ገደማ ይዞራል። ፑሌጃ ባሳነሳችሁ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም አብሮ። ግፊቱ እስከ 5,500 ዙር ደህና ሆኖ ከዚያ ከወረደና ፑሌጃዎቹ ዙሪያ ጥቁር ብናኝ ካያችሁ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ብናኝ ከሌለ የአየር ማጣሪያውን ወይም መግቢያ ቱቦውን ተመልከቱ።

ማስተካከል

ኮፈኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉና ነዳጅ የሚያፈስበት ቦታ መኖሩን ፈትሹ። የመጀመሪያው ማስነሳት በመነሻ ፋይል ይሁን፤ አይድልና ቀስ ያለ መንዳት ብቻ፣ ምንም ግፊት ሳይነካ።

በኤችፒ ቱነርስ ወይም በመሰል ሶፍትዌር ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። የአዲሱን ኢንጀክተር ሙሉ መረጃ አስገቡ፤ ፍሰቱን ብቻ ሳይሆን በየቮልቴጁ የመክፈቻ መዘግየቱንም። የፋብሪካው የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ከከባቢ አየር ግፊት ብዙም በላይ ስለማያነብ ባለ 2 ባር ተክታችሁ ልኬቱን ጻፉ። ከዚያ የአየር መለኪያውን መስመር በሰፊ ባንዱ ንባብ አርሙ፤ ላምዳ የአየርና የነዳጅ ሚዛን ነው (1.00 ልኩ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ ነዳጅ ይበዛል)፤ ኮምፒዩተሩ ያዘዘው ላምዳና የተለካው የሚለያዩበትን መቶኛ በየድግግሞሹ (በየኸርዙ) ማባዛት ነው።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሞተር ያቃጠለ ነው። ፋብሪካው ነዳጅ የሚያወፍረው ፔዳሉ በጣም ሲረገጥ ነው። ብሎወር ግን በግማሽ ፔዳል ግፊት ይሠራል። ይህ ካልተነካ ሞተሩ በላምዳ 1.00 ግፊት ውስጥ ይገባል፤ ማንኳኳቱ (ነዳጁ ያለ ጊዜው መፈንዳቱ) የዚህ ውጤት ነው። ማወፈሪያው የማኒፎልዱ ግፊት 90 ኪሎ ፓስካል እንደደረሰ ያለ መዘግየት እንዲገባ አድርጉት።

በሙሉ ጭነት ላምዳ 0.80 አካባቢ ይሁን። በላምዳ ሥሩ እንጂ በ«11.7» አትሥሩ፤ የአሜሪካ ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት የአየርና የነዳጅ ቁጥሩ ከንጹህ ቤንዚን ይለያል፣ ላምዳ ግን አይለወጥም።

ታይሚንጉን (ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ) በ93 ኦክቴን ከ12 ዲግሪ ጀምሩ። ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ በአራተኛ ማርሽ (አንድ ለአንድ ነው)፣ መጀመሪያ እስከ 4,000 ዙር ብቻ። ማንኳኳት ዜሮ ከሆነ በየዙሩ 1 ዲግሪ ጨምሩ። ጉልበቱ መጨመሩን ባቆመበት ዲግሪ ላይ አትቆዩ፤ 1 ወይም 2 መልሱ። በዚህ ግፊት ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 17 ላይ ያርፋል። ኮምፒዩተሩ በማንኳኳት ምክንያት ደጋግሞ ከ2 ዲግሪ በላይ ከቀነሰ እግር ወዲያው ይነሳ። የኢንጀክተሩ የሥራ ጊዜ ከ85 በመቶ እንዳያልፍ፣ የነዳጁ ግፊትም ከፍተኛው ዙር ላይ እንዳይወርድ አብሮ ይመዝገብ። የሚገባው አየር 60 ዲግሪ ካለፈ ታይሚንግ የሚቀንሰውን ሠንጠረዥ አትዝጉት፤ የበጋ ከሰዓት ላይ ሞተሩን የሚያድነው እሱ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ለቦታ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያላችሁ፦ እዚያ ፓምፕ ላይ የምታዩት 91 የአሜሪካው 91 አይደለም። የአሜሪካው የሁለት መለኪያ አማካይ ሲሆን የእናንተው ሪሰርች ኦክቴን ብቻ ነው። የአሜሪካ 93 ከ98 ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ 98 ሙሉ። ዴንቨርን በመሰለ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያላችሁ ደግሞ፦ በባሕር ጠለል 7 ፒኤስአይ የሚሰጥ ብሎወር እዚያ ከ6 በታች ነው የሚያሳየው። ፑሌጃ አሳንሳችሁ 7 ካደረሳችሁት በኋላ ወደ ባሕር ዳርቻ ብትነዱት ግፊቱ ከ8 በላይ ይወጣል፤ ያውም ማንም ባልሞከረው የታይሚንግ ሠንጠረዥ ክፍል ውስጥ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቺንጋውን እንደገና ወጥሩ፣ የመጠራቀሚያውን ውሃ ሙሉ፣ ዘይት ቀይሩና አሮጌውን ማጣሪያ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ሁለት ካንዴላም አውጡ፤ ነጩ ሸክላ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ፒስተኑ እየተፈረፈረ ነውና ታይሚንጉን 2 ዲግሪ መልሱ፣ የመጨረሻውንም መዝገብ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና አንብቡ።