አዲስ ፍሪላንስ ዲዛይነሮች፣ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ይቆያችሁ

የፍሪላንስ ዲዛይን ሥራ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ለማን እንደምትሠሩ ቁርጡን እወቁ። “ሁሉንም ዲዛይን እሠራለሁ” የሚልን ሰው ማን ያስታውሰዋል? “ለምግብ አምራቾች ማሸጊያ ዲዛይን አደርጋለሁ” ካላችሁ ግን፣ ማሸጊያ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ትዝ የምትሉት እናንተ ናችሁ።

ፖርትፎሊዮ (ለደንበኛ የምታሳዩት የሥራ ናሙና ስብስብ) ላይ 20 ሥራ መደርደር አያስፈልግም። 3 ይበቃል፤ ግን እያንዳንዱን አስረዱ። የደንበኛው ችግር ምን ነበር? ያንን ቀለም፣ ያንን የፊደል ቅርጽ ለምን መረጣችሁ? የመጀመሪያውን ንድፍና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አሳዩ። ደንበኛ ገና ከሌላችሁ ራሳችሁ የፈጠራችሁት ፕሮጀክትም ይሆናል፤ የልምምድ ሥራ መሆኑን ብቻ በግልጽ ጻፉ።

ሥራ እንዳስረከባችሁ፣ ደስታው ሳይበርድ፣ አስተያየት ጠይቁ። “እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚፈልግ የሚያውቁት ሰው ይኖር ይሆን?” ማለትም አትፈሩ። እኔ ከሚከፈልበት ማስታወቂያ ይህን አስቀድማለሁ።