ኢምፕላንት እንዴት ይመረጣል? የጡት ማተለቂያ ቀዶ ሕክምና ከልኬት እስከ ማገገሚያ

«ስንት ሲሲ ላስገባ?» ሐኪም ፊት የምትቀመጥ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምትጠይቀው ይህንን ነው። መምጣት የነበረበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ያው 350 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚገባው የሲሊኮን ከረጢት፣ ደረቷ ጠበብ ባለ ሴት ላይ ወደ ብብት ተርፎ ያብጣል፤ ደረተ ሰፊ ሴት ላይ ደግሞ መግባቱ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። የጓደኛን ቁጥር ወይም ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ይዞ መሄድ የሌላ ሰው ልክ ይዞ ልብስ ሰፊ ጋ እንደመሄድ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ከእርስዎ ደረት ነው።

በመጀመሪያ፣ የሚያስፈልግዎ መሙላት ነው ወይስ ማንሳት?

ኢምፕላንት ይሞላል እንጂ አያነሳም። በተለይ ልጅ ካጠቡ ወይም ብዙ ኪሎ ከቀነሱ በኋላ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ጡት ማስያዣ ሳያደርጉ መስታወት ፊት ይቁሙ። ጡትዎ ከስር ከደረት ጋር የሚገናኝበትን እጥፋት በጣትዎ ይያዙና የጡት ጫፍዎ ከዚያ መስመር ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚውል ይመልከቱ። ከመስመሩ በላይ ከሆነ ኢምፕላንት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። እኩል ከሆነ ወይም ከዚያ ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ተቆርጦ ጡቱ የሚነሳበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ለብቻው ወይም ከኢምፕላንት ጋር ያስፈልጋል። ይህ ታልፎ ኢምፕላንት ብቻ ሲገባ ኢምፕላንቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የራስዎ ጡት ከፊቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ያንን ለማረም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ገና መውለድ የሚያስቡ ከሆነ መቆየቱ ይሻላል፤ እርግዝናና ማጥባት ቅርጹን እንደገና ይለውጡታል። ጡት ካስጣሉም በኋላ ጡቱ እስኪረጋ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ይታገሱ። አሜሪካ ውስጥ ለውበት ሲባል በጨው ውሃ የሚሞላው ኢምፕላንት የተፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ሲሆን ሲሊኮኑ ከ22 ዓመት ጀምሮ ነው።

ከሆድ ወይም ከጭን የራስን ስብ ወስዶ ጡት ላይ መጨመርም ይቻላል። ጭማሪው መጠነኛ ነው፤ ከገባው ስብ ውስጥም ጥቂት የማይባለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሟሙቶ ይጠፋል። ጡት ያተልቃሉ እየተባሉ የሚሸጡ ቅባቶች ምንም አያመጡም። ፈሳሽ ሲሊኮን ወይም ሌላ «ፊለር» (መሙያ) በመርፌ ጡት ውስጥ ማስወጋት ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው። ፈሳሹ በጡቱ ውስጥ ይሰራጫል፣ ይቋጠራል፣ ከዚያ በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

ልኬቱ

ጥሩ ሐኪም ስለ ሲሲ ከማውራቱ በፊት ሜትርና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት የሚለካ መቆንጠጫ) ያነሳል። ከሁሉም የሚበልጠው የጡቱ ወርድ ነው፦ በደረት አጥንት በኩል ከሚጀምርበት እስከ ብብት በኩል እስከሚያበቃበት ያለው ስፋት። የኢምፕላንቱ ወርድ ከዚህ መብለጥ የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠበብ ቢል ይመረጣል።

የእርስዎ ወርድ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሐኪሙ 11.5 አካባቢ ወርድ ያለውን ይፈልጋል። በዚህ ወርድ ዝቅ ያለ፣ መካከለኛና ከፍ ያለ ጉልላት ያላቸው ኢምፕላንቶች አሉ። መሠረታቸው አንድ ሆኖ ወደ ፊት የሚወጡበት መጠን ይለያያል፤ ስለዚህ ይዘታቸው እንደ አምራቹ በግምት ከ225 እስከ 375 ሲሲ ሊደርስ ይችላል። የእርስዎ ምርጫ የሚጀምረው እዚህ ክልል ውስጥ ነው። 500 ካልሆነ የሚል ሰው ከወርዱ መውጣት አለበት፤ ያኔ ሁለቱ ጡቶች መሃል ላይ ይገናኛሉ ወይም ኢምፕላንቱ እጅ ሲወርድ ከክንድ ጋር ይፋተጋል።

ሁለተኛው ልኬት የጡቱ የላይኛው ክፍል በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ያለው ውፍረት ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ኢምፕላንቱን የሚሸፍን ሥጋ የለም ማለት ነው፤ ጠርዙና ሽብሽቡ ከላይ እንዳይታይ ጡንቻ ስር መግባት ይኖርበታል። ቆዳው ሲሳብ ምን ያህል እንደሚለጠጥና ከጡት ጫፍ እስከ ስረኛው እጥፋት ያለው ርቀትም ይለካል። የማንም ሰው ሁለት ጡት እኩል አይደለም፤ ሐኪሙ በቀኝና በግራ ያለውን ልዩነት አሁኑኑ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ያለዚያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «አዲስ» ጉድለት ይመስልዎታል።

ቤት ውስጥ ይሞክሩት

የሚያስፈልገው ሩዝ፣ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ፣ ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መለኪያና አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣ ብቻ ነው። አንድ ሲሲ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለ300 ሲሲ 300 ሚሊ ሊትር ሩዝ ይለኩ። ስቶኪንጉ ውስጥ ጨምረው ይቋጥሩ፤ እንደ ጠፍጣፋ ዳቦ እንዲተኛ ጥቂት ላላ ያድርጉት። ጡት ማስያዣው ውስጥ ጡትዎ ላይ አስተካክለው ጠባብ ቲሸርት ይልበሱና አንድ ሙሉ ቀን ይዋሉበት፦ ደረጃ ይውጡ፣ ሥራ ይግቡ፣ ጎንበስ ብለው ዕቃ ያንሱ። በማግስቱ በ250፣ ከዚያ በ350 ይድገሙት።

ሩዙ ከላይ ስለሚደረግ ከእውነተኛው ትንሽ ጎላ ይላል፤ ክብደቱ ደግሞ ያንሳል። 400 ሲሲ ሲሊኮን 400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁለቱ ሲደመሩ ከአንድ ኪሎ ስኳር ትንሽ የሚያንስ ሸክም ነው፤ ማታ አውልቀው የሚያስቀምጡትም አይደለም። ሐኪሙ ጋ ያሉት የመለኪያ ኢምፕላንቶች ከሩዝ ይሻላሉ፤ እዚያ ግን የሚሞክሩት ለአሥር ደቂቃ ነው።

ሙሊቱ፣ ቅርጹና ገጹ

የሁሉም ኢምፕላንት ቅርፊት ሲሊኮን ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ያለው ነው። በጨው ውሃ የሚሞላው ባዶውን ተጠቅልሎ ከገባ በኋላ ስለሚሞላ ቁስሉ ያንሳል፤ ቢቀደድም ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል፣ ጡቱም ስለሚሟሽሽ ወዲያው ይታወቃል። ጉድለቱ ቀጭን ሴት ላይ ሽብሽቡ በእጅ መዳሰሱ ነው። የሲሊኮን ጄል የተፈጥሮ ጡት ስሜት አለው፤ ሲቀደድ ግን ድምፅ የለውም። ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ሳያምም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል በምርመራ ካልሆነ አይታወቅም።

ክብ ወይስ የእንባ ጠብታ ቅርጽ? ለአብዛኛው ሰው ክቡ ይበቃል። ክብ ኢምፕላንት ቢዞርም ክብ ነው፤ የእንባ ጠብታው ከዞረ ግን ጡቱ ይጣመማል። እንዳይዞር ሲባል ገጹ ሸካራ ይደረጋል። ከሸካራ ገጽ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚነሳ፣ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም የሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ዓይነት። አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ኢምፕላንቶቹን በሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪምዎ ሸካራ ካቀረበልዎ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ «ሁልጊዜ የምጠቀመው ነው» የሚል መልስ በቂ አይደለም።

ርካሽ ኢምፕላንት ምን እንደሚያመጣ ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ አሳይቷል። ለሕክምና ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ ቆይቶ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ምርቱ ታገደ፤ መሥራቹም ታስሮ ነበር። ስለዚህ የአምራቹን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ። ሣጥኑ የሚከፈተው ቀዶ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ተለጣፊ አንዱ ፋይልዎ ላይ፣ ሌላው ለእርስዎ በሚሰጥ ካርድ ላይ ይለጠፋል።

በየት ይገባል፣ የት ይቀመጣል?

በብዛት የሚመረጠው ከጡቱ ስር በእጥፋቱ ላይ የሚደረግ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቁስል ነው። ሐኪሙ በደንብ ያያል፣ የጡት ቱቦዎች አይነኩም፣ ወደፊት ማስተካከያ ቢያስፈልግም በዚያው ይገባል። በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ቁስል ጠባሳው ይደበቃል፤ ነገር ግን ማጥባትንና ስሜትን የመንካት ዕድሉ ከፍ ይላል። በብብት በኩል የሚገባው ጡቱ ላይ ጠባሳ አይተውም፤ ማስተካከያ ሲያስፈልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ መቅደድ ግድ ይሆናል።

የጠባሳ ነገር ለእኛ ቆዳ በተለይ ይነሳል። ጆሮዎን የተበሱበት ወይም የክትባት ጠባሳዎ አብጦና ተሻግሮ ያደገ ከሆነ ኬሎይድ ይወጣብዎታል ማለት ነው፤ ደረት ደግሞ ኬሎይድ የሚወድደው ቦታ ነው። ሳይጠየቁ ይንገሩ። የሲሊኮን ፕላስተርና መርፌ አስቀድሞ ይታቀዳል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምናውን መተው የተሻለ ምክር ይሆናል።

ጡንቻ ስር ሲቀመጥ የላይኛው ጠርዝ ይሸፈናል፣ ጡቱ ከጊዜ በኋላ የመጠንከር ዕድሉም ያንሳል፤ በምትኩ ሕመሙ ይበረታል፣ ደረትዎን ሲያጠብቁም ጡቱ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቂ ሥጋ ካለ ከጡንቻው በላይ ማስቀመጥ ቀላልና ቶሎ የሚድን ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ሌሊት ደም ቢፈስ የሚመልሰኝ ማን ነው፣ ወደየትኛው ሆስፒታል? ማስተካከያ ቢያስፈልግ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? እነዚህን ሦስቱን ፊት ለፊት ይጠይቁ። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ሄደው ለማሠራት ካሰቡ የትኬቱን መመለሻ በአራተኛው ቀን አያድርጉት። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚታዩት በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ ረጅም በረራም እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆዩ፤ ሲመለሱ የሚከታተልዎትን ሐኪም ሳይሄዱ ያግኙ።

ሲጋራ ከ4 ሳምንት በፊት ይቆማል፤ ሺሻም ሲጋራ ነው። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠብባል፣ ቁስሉ እንዳይገጥም ያደርጋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም ስለሚያቀጥኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይቆማሉ፤ ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን ራስዎ አያቋርጡ። የደም፣ የእርግዝናና የጡት አልትራሳውንድ ምርመራ ይደረጋል፤ ከ40 በላይ ከሆኑ ማሞግራም ይጨመራል።

በዕለቱ ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ጠንካራ ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ንጹህ ውሃ ይቆማል። ወተት የገባበት ቡና ምግብ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ቤት ከገቡ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ፤ ጡንቻ ስር ከሆነ ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል ይጫናል። ትራስ ደርድረው ከወገብ በላይ ከፍ ብለው በጀርባዎ ይተኙ። የተሰጠዎትን ጡት ማስያዣ ቀንም ሌሊትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይልበሱ። ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም፦ ልጅ ማዘል፣ ጀሪካን መሸከም፣ ቡና መውቀጥ፣ አክንባሎ ማንሳት ሁሉም የደረት ጡንቻ ሥራ ነው። ረዳት ሳያዘጋጁ ቀጠሮ አይያዙ።

መጀመሪያ ላይ ጡቱ ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። አይደንግጡ። ጡንቻው ላልቶ ኢምፕላንቱ ወደ ቦታው እስኪወርድ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የጡት ጫፍ መደንዘዝ ወይም ከመጠን በላይ መሰማት ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ግን ይቀራል።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን አንዱ ጡት ብቻ በፍጥነት ካበጠ፣ ከተወጠረና ከጠቆረ ውስጡ ደም እየፈሰሰ ነው፤ እስከ ነገ አይጠበቅም። ትኩሳት ከ38 በላይ፣ መቅላትና መግል ኢንፌክሽን ነው። የባት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከዓመታት በኋላ

ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ ቀጭን ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ጤነኛ ነገር ነው። ሽፋኑ ሲወፍርና ሲጨብጥ ግን ጡቱ ይጠነክራል። ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፦ 1 ለስላሳ፣ 2 ትንሽ ጠንከር ያለ፣ 3 ቅርጹ የተለወጠ፣ 4 የሚያምም። 3 እና 4 አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ። ከሚጠረጠሩት መነሻዎች ዋናው ኢምፕላንቱ ላይ የሚጣበቅ ጥቂት ባክቴሪያ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም የጡት ጫፉን የሚሸፍነው፣ ኢምፕላንቱ የሚቀመጥበትን ኪስ በፀረ ተሕዋስ የሚያጥበው፣ ጓንቱን ቀይሮ ኢምፕላንቱን በእጁ ሳይነካ በሾጣጣ የላስቲክ ከረጢት የሚያስገባው ለዚህ ነው።

አንዴ አስገብቶ መርሳት የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው ለውበት ካስገቡት ሴቶች ከአምስት አንዷ በ10 ዓመት ውስጥ ታስወጣዋለች። የሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ወጪ ከመጀመሪያው ጋር ያስቡት። ሲሊኮን ከሆነ ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመት በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ አንዱ ጡት ድንገት ውሃ ከቋጠረ ፈሳሹ በመርፌ ተወስዶ ሲዲ30 ለሚባለው ምልክት መመርመር አለበት፤ የሊምፎማው መለያ ያ ነው። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የሐሳብ መበታተን ከኢምፕላንት ጋር የሚያያይዙ ሴቶች አሉ። ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለም፤ አንዳንዶቹ ካስወጡ በኋላ ቀልሏቸዋል።

ማሞግራም ሲሄዱ ጡትዎ ከመጨመቁ በፊት ኢምፕላንት እንዳለዎት ለባለሙያዋ ይንገሩ። ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ የራስዎን ጡት ወደ ፊት ስባ ተጨማሪ ፎቶዎች ታነሳለች፤ ያለዚያ ኢምፕላንቱ የጡቱን ሥጋ በከፊል ይሸፍነዋል። ካርዱንም ይዘው ይሂዱ።